የዜማ ፊደል፦ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩና ሥራቸው

አሰላ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ሩጫን ነው። ሐሰት አይደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአሰላ ልጅ ነው። ደራርቱ ቱሉም ከበቆጂ ወጥታ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ አግኝታለች። ስለ ሯጮቹ ግን ብዙ ተጽፏል፤ ከዚያ የበለጠም ተወርቷል። እዚህ ላይ የምናነበው ከእግር ሳይሆን ከጣትና ከጆሮ ስለሚወጣ ሥራ ነው። ሥራው ዜማ መድረስ ይባላል። ታሪካቸውን የምናየውም አንዲት መነኩሲት ናቸው፤ ስማቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ።

በመጀመሪያ ዜማ ደራሲ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንይ። በጭላሎ ግርጌ ገብስ ሲታጨድ ዘፈን አለ። ሰርግ ላይ ዘፈን አለ። ሽማግሌው ጌራርሳ ሲያወርዱ ዜማ አለ። ወደ ሼክ ሁሴን የሚጓዙትም ባሕሮ እያሉ ይሄዳሉ። ይኼን ሁሉ ማን ደረሰው? ተብሎ ቢጠየቅ «ከአባቶቻችን የወረስነው ነው» ይባላል እንጂ የአንድ ሰው ስም አይጠራም። ዜማው የሁሉም ነው። እያንዳንዱ ዘፋኝም እንደ ጉሮሮው ትንሽ ጨምሮ፣ ትንሽ ቀንሶ ያልፋል። ዜማ ደራሲ የሚባለው ግን ራሱ አስቦ፣ መጀመሪያውን፣ መካከሉንና መጨረሻውን ወስኖ፣ ሌላ ሰው እንዲጫወተው አድርጎ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ታዲያ ያ ሌላ ሰው በሩቅ አገር ሆኖ፣ ደራሲውን በዓይኑ ሳያይ፣ እንዴት አድርጎ ያንኑ ዜማ ይጫወተዋል? በወረቀት ላይ ተጽፎ ሲያገኘው ነዋ። ዜማም ፊደል አለው።

አንባብያን ሆይ፣ ይኼን ነገር እናንተ ከብዙ ሰው ይበልጥ ትረዱታላችሁ። ፊደል ከመቁጠራችሁ በፊት «በ» የሚለው ድምፅ ከአፍ ወጥቶ በአየር የሚጠፋ ነገር ነበር። አሁን ግን በወረቀት ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። የዜማ ፊደልም እንዲሁ ነው። ኖታ ይባላል። በወረቀቱ ላይ 5 መስመሮች አንዱ ከአንዱ በላይ ይሰመራሉ፤ ሲያዩት እንደ እርሻ ትልም ነው። በመስመሮቹ ላይና በመካከላቸው ነጠብጣቦች ይቀመጣሉ። ነጠብጣቡ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ድምፁ ቀጭን ነው፤ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ወፍራም ነው። ውስጡ ባዶ ከሆነ ድምፁ ረዘም ብሎ ይቆያል፤ ጠቁሮ ዘንግ ከተተከለበት ያጥራል፤ ዘንጉ ላይ ጭራ ከተቀጠለ ደግሞ ይበልጥ ያጥራል። የእኛ ፊደል «በ» ብሎ ጀምሮ፣ ጎኑ ላይ ወይም እግሩ ላይ ጭረት ሲጨመርበት ቡ፣ ቢ፣ ባ እያለ እንደሚለወጥ ማለት ነው። በኖታ ቦታው ከፍታውን ይናገራል፤ ቅርጹ ጊዜውን ይናገራል። መሠረቱ ይኼው ነው፤ ሌላው ልምምድ ነው።

ዜማን በምልክት መጻፍ ፈረንጅ ብቻ ያወቀው ነገር አይምሰላችሁ። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም እንደኖረ የሚነገርለት ቅዱስ ያሬድ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ በሦስት እንደከፈለው ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ምልክቶቹም በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጁ ይነገራል። ይዘት፣ ደፋት፣ ጭረት እየተባሉ ከቃሉ በላይ በቀጭን ብዕር ይጻፋሉ። ልዩነቱ ምን ላይ ነው ቢባል፣ የያሬድ ምልክት ከመምህሩ አፍ ለተማረ ሰው ማስታወሻ ነው፤ መምህር የሌለው ሰው አይዘልቀውም። ባለ 5 መስመሩ ኖታ ግን አንድ ጊዜ ማንበብ የተማረ ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ እንኳ ያወጣበታል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ሁለቱንም ተምረዋል። አንዱን በልጅነታቸው በባዕድ አገር፣ ሌላውን በሙሉ ሰውነታቸው በጎንደር።

የተወለዱት በታኅሣሥ ወር 1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የጎንደርም የአዲስ አበባም ከንቲባ የነበሩ፣ በሚሲዮኖች እጅ አድገው ውጭ አገር የተማሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ትምህርትን ለወንድ ብቻ አላሉትም። የውብዳርንና ታላቅ እኅታቸውን ስንዱን ወደ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ላኳቸው። የውብዳር ያን ጊዜ 6 ዓመታቸው ነበር። እዚያም ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ ኖታም ማንበብ ጀመሩ።

እዚህ ላይ አንባቢው «የከንቲባ ልጅ ስለሆኑ ነዋ!» ይል ይሆናል። ልክ ነው። ገበሬ ልጁን ስዊዘርላንድ የሚልክበት ዘመን አልነበረም፤ ይኼን መሸፋፈን አያስፈልግም። ግን እማሆይ ይኼን ዕድል በኋላ ምን እንዳደረጉበት ሳናይ አንፍረድ።

በ1920ዎቹ አጋማሽ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ ጣልያን መጣ። ከቤተሰባቸው የተገደሉ አሉ። በ1929 ዓ.ም. የቀሩት ተይዘው ወደ ጣልያን አገር ተጋዙ፤ መጀመሪያ አዚናራ ወደሚባል ደሴት፣ ከዚያም በኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው መርኮሊያኖ። እኅታቸው ስንዱ ገብሩም ከአርበኞች ጋር ሆነው በጎሬ በኩል ከተዋጉ በኋላ ተይዘው ነበር። እኒህ ስንዱ በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ለፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነዋል። የእሳቸው ታሪክ ብቻውን ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ እዚህ እንለፈው።

ጣልያን ከወጣ በኋላ የውብዳር ሙዚቃቸውን ለመቀጠል ወደ ካይሮ ሄዱ። አስተማሪያቸው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የሚባል ፖላንዳዊ የቫዮሊን ተጫዋች ነበር። በቀን 9 ሰዓት ይለማመዱ ነበር፤ 4 ሰዓት ቫዮሊን፣ 5 ሰዓት ፒያኖ። ሙዚቃ ሲባል ጨዋታ የሚመስለው ሰው ካለ ይኼን ቁጥር ልብ ይበል። በሬ ጠምዶ የዋለ ገበሬ እንኳ 9 ሰዓት ሙሉ አያርስም። ጣት ይደነዝዛል፤ ወገብ ይቆረጣል። ኋላ የካይሮ ሙቀት ለጤናቸው አልስማማ ስላለ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። አስተማሪያቸውም አብሮ መጣና የክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ስለዚህ የእሳቸው ትምህርት ሳይታሰብ ለአገሪቱ አንድ የሙዚቃ መምህር አስገኘ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የታሪኩ ከባድ ቦታ ነው። ለንደን በሚገኘው የንጉሣዊ የሙዚቃ አካዳሚ የመማር ዕድል አገኙ። አካዳሚው በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው። ሊሄዱ ሲሉ ግን ፈቃድ ተከለከሉ። 9 ሰዓት በቀን የለፉበት ነገር በአንድ ቃል ቀረ። ምግብ አልበላም አሉ። 12 ቀን ከቡና በቀር ምንም ሳይቀምሱ ቆዩ። ሆስፒታል ገቡ፤ ይሞታሉ ተብሎ ቅዱስ ቁርባን ተቀበሉ። ከእንቅልፋቸው ሲነቁ ግን አእምሯቸው ጸጥ ብሎ ነበር። ለንደንንም ሙዚቃንም ትተው ወደ ገዳም ለመሄድ ቆረጡ።

ይኼን ታሪክ በማታው ክፍል ስናገር አንዲት ጎልማሳ ተማሪ፣ «እኔንስ ከ3ኛ ክፍል ያስወጣኝ ማን ሆነና!» አሉና ሳቁ። ከጎናቸው የነበሩት ሴቶች ግን አልሳቁም። የከንቲባ ልጅም ብትሆን፣ የገበሬ ልጅም ብትሆን፣ «አንቺ ይቅርብሽ» የሚለው ቃል ያው አንድ ነው። ልዩነቱ አንዷ የምትከለከለው ለንደን ሲሆን ሌላዋ የምትከለከለው በሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ያለ ትምህርት ቤት መሆኑ ነው።

የሄዱት ወደ ግሸን ማርያም ነው። ግሸን በወሎ፣ በአምባሰል ያለች፣ ዙሪያዋ ገደል የሆነ አምባ ናት። በ21 ዓመታቸው መነኮሱ፤ ጽጌ ማርያም ተባሉ። ከጭቃና ከድንጋይ በተሠራች ትንሽ ጎጆ ውስጥ፣ በባዶ እግራቸው፣ 10 ዓመት ያህል ኖሩ። ፒያኖ ወደዚያ አምባ አይወጣም። በቀን 9 ሰዓት ፒያኖና ቫዮሊን ለይ የነበረች ጣት ለ10 ዓመት መቁጠሪያ ብቻ ያዘች። ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ወደ ፒያኖውም ተመለሱ። ያን ጊዜ የሚጫወቱት ግን የፈረንጅ ደራሲዎችን ዜማ ብቻ አልነበረም፤ የራሳቸውን መድረስ ጀመሩ።

አሁን ወደ ጎንደር እንምጣ፤ የሥራቸው ሁሉ መነሻ እዚያ ነውና። በ1950ዎቹ የያሬድን ዜማ ለማጥናት ጎንደር ተቀምጠው ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱና ሲመለሱ የቆሎ ተማሪዎችን ያዩ ነበር። የቆሎ ተማሪ የሚባለው ከወላጆቹ ተለይቶ፣ አገር ለአገር እየዞረ፣ በየደጁ እየለመነ የሚማር ልጅ ነው። የደረሳን ኑሮ የሚያውቅ የአርሲ ሰው ይኼን ለመረዳት ችግር የለበትም፤ ልዩነቱ የሃይማኖቱ ነው እንጂ ረሃቡስ አንድ ነው። ልጆቹ ማታ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሜዳ ላይ ያድራሉ። ለመማር ብለው ነው ይኼን ሁሉ የሚችሉት። እማሆይም ሊሰጧቸው ፈለጉ፤ ግን መነኩሲት ናቸው፤ ገንዘብ የላቸውም። ያላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሙዚቃዬ እረዳቸዋለሁ ብለው ወሰኑ።

እንዴት አድርጎ ሙዚቃ ልጅ ያስተምራል? በሸክላ ነው። ሸክላ ማለት እናንተ የምታውቁት የማሰሮው ሸክላ ሳይሆን፣ ድምፅ የሚቀረጽበት ጥቁር ክብ ሰሌዳ ነው። ፊቱ ላይ ከክር የቀጠነ አንድ ረጅም ትልም ከዳር ወደ መሐል እየተጠማዘዘ ይሄዳል። መርፌ በዚያ ትልም ውስጥ ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል፤ ንቅጥቅጡ ተመልሶ ድምፅ ይሆናል። ከአንድ ቅጂ ብዙ ሸክላ ይታተማል፤ እያንዳንዱ ይሸጣል። እማሆይ የራሳቸውን ድርሰት በፒያኖ እየተጫወቱ በ1950ዎቹ በጀርመን አገር ሸክላ አሳተሙ። ሌሎችም ተከተሉ። ገቢው ለእሳቸው ኑሮ አልዋለም፤ ለድሆች ተማሪዎችና ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ተሰጠ። ኮንሰርት ሲያሳዩም ለዚሁ ነበር።

እኔ እንደሚመስለኝ የእማሆይ ታሪክ ከሌላው ሙዚቀኛ ታሪክ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሀብት አግኝቶ ከተረፈው የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው። እሳቸው ግን ሙዚቃውን ለሕዝብ ያወጡበት ምክንያት ራሱ መስጠቱ ነበር። ልጆቹ ባይኖሩ ኖሮ ሸክላውም ባልኖረ።

ሙዚቃቸው ራሱ ምን ይመስላል? ፒያኖ ያላየ አንባቢ ስላለ ከዚያ እንጀምር። ፒያኖ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ነው። ውስጡ ከ200 በላይ የብረት ክሮች ተወጥረዋል። ከፊቱ 88 መምቻዎች አሉ፤ 52ቱ ነጭ፣ 36ቱ ጥቁር። አንዱን በጣት ሲጫኑት በሱፍ የተለበጠች ትንሽ መዶሻ ከውስጥ ተነሥታ ክሩን ትመታለች። ስለዚህ ፒያኖ የክራር ዘመድ ነው ቢባል አያሳስትም፤ ክራር በጣት ይመታል፣ ፒያኖ በመዶሻ።

የእኛ አገር ዘፈን በአብዛኛው በ5 ድምፅ የሚሄድ ነው። የ5ቱ ድምፆች አደራደር ቅኝት ይባላል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የታወቁት አራቱ ናቸው። የፈረንጁ ሙዚቃ ግን በ7 ድምፅ፣ ሲያስፈልገውም በ12 ይሄዳል፤ ፒያኖ የተሠራውም ለዚያ ነው። የሚገርመው ግን፣ ጥቁሮቹ መምቻዎች በየዙሩ 5፣ 5 ናቸው። አንድ ሰው ነጮቹን ሳይነካ ጥቁሮቹን ብቻ ቢመታ ከትዝታ ቅኝት ጋር የሚቀራረብ ድምፅ ይወጣለታል። ፒያኖ ያገኘ ሰው ይሞክረው!

እማሆይ ያደረጉት ሁለቱን ማገናኘት ነው። በግራ እጃቸው እንደ ፈረንጆቹ ደራሲዎች፣ እንደ ሾፓንና እንደ ሞዛርት፣ ድምፅ ከድምፅ ጋር ይደራርባሉ። በቀኝ እጃቸው የሚሄደው ዜማ ግን የአገር ቅኝት ነው። ጣታቸው በአንዱ ድምፅ ዙሪያ እየተንቀጠቀጠች ታልፋለች፤ ዋሽንት ነፊ ወይም ማሲንቆ መቺ እንደሚያደርገው። ምቱም እንደ ወታደር ሰልፍ ግራ ቀኝ የሚል አይደለም፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ይሳባል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሮጣል። አንዳንድ ሰዎች ጃዝ ነው ብለውታል። እኔ ግን ቅኝቱን የሚያውቅ ጆሮ ወዲያው አገሩን ይለየዋል እላለሁ። የድርሰቶቹ ስሞች ራሳቸው ብዙ ይናገራሉ፤ ስለ እናት ፍቅር፣ ስለ አገር ናፍቆት፣ ስለ ባሕር፣ ቤት ስለሌለው መንገደኛ የተደረሱ አሉ። ቃል የለባቸውም፤ ፒያኖ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሰማኋቸው ጊዜ «ዘፋኙ የት አለ?» ብዬ ጠብቄ ነበር። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲሰሙት ግን ዘፋኝ አያስፈልገውም።

በ1976 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱና በዚያ ባለው የኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ፒያኖ። ከ20 ዓመት በላይ ከጎረቤቶቻቸው በቀር የሚያውቃቸው ጥቂት ነበር። በ1998 ዓ.ም. የድሮ ሸክላዎቻቸው ተሰብስበው «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ ሥራ፣ በ21ኛው ቁጥር እንደገና ታተሙ። ከዚያ በኋላ በዓለም ዙሪያ ሰው ይጠይቃቸው ጀመር። በ2009 ዓ.ም. ቢቢሲ ስለ እሳቸው የሬዲዮ ዝግጅት አቀረበ።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚደንቀኝ የወረቀቶቹ ነገር ነው። ማያ ዱኒየትስ የምትባል እስራኤላዊት የፒያኖ ተጫዋች ወደ ገዳሙ እየሄደች ትጠይቃቸው ነበር። እማሆይም በከረጢት የታጨቁ ወረቀቶች ሰጧት። በመቶ የሚቆጠሩ ገጾች፤ በእጃቸው የጻፉት ኖታ፤ አንዳንዱ አርጅቶ የደበዘዘ። የዕድሜ ልክ ሥራ በከረጢት ውስጥ! እሷና ባልደረቦቿ ወረቀቶቹን ለዩ፣ አነበቡ፣ አስተካክለው ገለበጡ። በ2005 ዓ.ም. እማሆይ ወደ 90 ዓመታቸው ሲቃረቡ የመጀመሪያው የድርሰቶቻቸው የኖታ መጽሐፍ ታተመ፤ በኢየሩሳሌምም ኮንሰርት ተደረገ።

አስቡት እንግዲህ። ወረቀቱን ያነበበችው ሴት የሌላ አገር ሰው ናት። ነጠብጣቡን ግን አነበበች፤ ዜማውም ወጣ። ቀደም ብለን ዜማም ፊደል አለው ያልነው ይኼን ነው።

እማሆይ ጽጌ ማርያም መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ። በስማቸው የተቋቋመው የሙዚቃ ድርጅት ሙዚቃ ለመማር አቅም የሌላቸውን ልጆች ለመርዳት የተመሠረተ ነው፤ ያቋቋሙትም ዘመዶቻቸው ናቸው። ካረፉ በኋላ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ሰው ያልሰማው ነገር ወጣ። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት በአዲስ አበባና በኢየሩሳሌም ፒያኖ እየተጫወቱ በአማርኛ ሲዘምሩ ራሳቸው በካሴት የቀዱት ነው። ስለ አገርና ስለ ስደት ነው የሚያዜሙት። ካሴቱ እንደ ዛሬው በትልቅ ስቱዲዮ አልተቀዳም፤ በቤት ውስጥ ነው። ከፒያኖው ጋር የክፍሉ ድምፅም አብሮ ይሰማል።

በዚህ መንገድ የሄዱት እሳቸው ብቻ አይደሉም። በ1930 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተወለዱት አሸናፊ ከበደ በአሜሪካ፣ በሮቸስተር ከተማ ሙዚቃ ተምረው ሲመለሱ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነዋል። ያ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው፤ ክራርና ማሲንቆም ፒያኖና ቫዮሊንም ይማሩበታል። ከእሱ ከወጡት አንዱ ግርማ ይፍራሸዋ በልጅነቱ ክራር ይመታ ነበር፤ ኋላ ቡልጋሪያ ድረስ ሄዶ ፒያኖ ተማረ፤ ተመልሶም በዚያው በያሬድ አስተማረ። አሸናፊ ከደረሷቸው መካከል የታወቀው ስለ አንድ ባለዋሽንት እረኛ ነው። ይኼን ድርሰት የሃንጋሪ አገር ኦርኬስትራ ተጫውቶታል። ኦርኬስትራ ማለት ብዙ ሙዚቀኞች፣ እያንዳንዱ የየራሱን ኖታ እያነበበ፣ በአንድ መሪ እጅ አብረው የሚጫወቱበት ነው። እረኛው በሜዳ ብቻውን የሚነፋትን ዋሽንት፣ ኦሮሞው ኡሉሌ የሚላትን ማለት ነው፣ ይኼ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ሲያጅባት ማሰብ ደስ ይላል። አሸናፊ በ1963 ዓ.ም. በሙዚቃ ጥናት የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ፤ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እያስተማሩ ኖረው በ1990 ዓ.ም. ዐረፉ።

ሃንጋሪ የተነሣችው በአጋጣሚ አይደለም። እዚያ አገር ኮዳይና ባርቶክ የሚባሉ ሁለት ወጣት ዜማ ደራሲዎች ነበሩ። ከ1898 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በየገጠሩ እየዞሩ የገበሬውን ዘፈን ለቀሙ። ሰም በተለበጠ ክብ ቱቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ተሸክመው፣ ከመንደር መንደር፣ ጭቃ እየረገጡ። ገበሬው መጀመሪያ አፈረ፤ «የእኔን ዘፈን ምን ያደርግላችኋል?» አለ። ቀስ እያለ ግን ዘፈነላቸው። በሺህ የሚቆጠሩ ዘፈኖች በኖታ ተጻፉ። ኮዳይ ደግሞ ልጆች በትምህርት ቤት ሙዚቃን በእነዚሁ በአገራቸው ዘፈኖች እንዲማሩ አደረገ።

በአርሲ ደጋ ያለውስ? ጌራርሳ የሚያውቁት ሽማግሌ በሞቱ ቁጥር አብሮ የሚቀበር ነገር አለ። ኖታ የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ፊደል ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ በእጃችሁ ነው። ዘፈኑ በኦሮምኛ ከሆነ በቁቤም ሆነ በምታውቁት ፊደል በኦሮምኛው ጻፉት፤ ወደ አማርኛ ለመለወጥ አትቸኩሉ። ማን ዘፈነው፣ የየት ቀበሌ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸው ስንት ነው፣ ዘፈኑ የሚዘፈነው ለአጨዳ ነው ወይስ ለሰርግ፣ ከማን ተማሩት፣ እነዚህን ከላይ ጻፉ፤ ቀኑንም ዓመተ ምሕረቱንም አትርሱ። አዝማቹ ስንት ጊዜ እንደሚመለስ በጭረት ቁጠሩ። የሚያጨበጭቡት የት ላይ እንደሆነ ከቃሉ ሥር ነጥብ አድርጉ። ዜማውን ደግሞ ስልክ ያለው ሰው ይቅዳው፤ ዛሬ ኮዳይ የተሸከመው ዓይነት ሣጥን አያስፈልግም። አስቀድማችሁ ግን ፈቃዳቸውን ጠይቁ። ከመቅዳታችሁም በፊት አንድ ጊዜ ዝም ብላችሁ ስሙ፤ ሰው ማሽን ሲያይ ይቸኩላልና። ሽማግሌው በመካከል ቆም ብለው ቢስሉ ወይም ቡና ፉት ቢሉ ስልኩን አታጥፉት።